የማይበሳው ጣሪያ

አባቴን የማያውቅ ሰው ግትር ነው ይለዋል። እኔ ደግሞ ስለማውቀው ነው ግትር የምለው። በዚያ ሳምንት ግን ግትርነቱ ልክ አለፈና በገዛ እጁ ከገዛ ቤቱ ሊያስወጣው ደረሰ።

የምሠራው ድንጋይ በሚያመላልስ ድርጅት ጋራዥ ውስጥ ነው። መካኒኮቹ ሞተሩን ያያሉ፣ ጎሚስታው ጎማውን ያያል፣ እኔ ሬዲዮውን አያለሁ። በጋራዡ ጥግ አንዲት ጠባብ ክፍል ሰጥተውኛል። ጠረጴዛ፣ የተጠቀለሉ ገመዶች፣ መበየጃና አንዲት ወንበር አሉኝ። ወንበሯ ሰው ሊቀመጥባት ገና ሲያስብ ስለምትጮህ እንግዳ አይበዛብኝም፣ እኔም አልከፋኝም።

ገልባጭ መኪኖቹ ከላይ ድንጋይ ከሚፈለጥበት ካባ ይጭኑና ወንዙ ዳር ወዳለው መፍጫ ይወርዳሉ። በመንገዱ መሃል አንድ ወገኑ ገደል፣ ሌላው ወገኑ ቋጥኝ የሆነ፣ ሁለት መኪና የማይተላለፍበት ቦታ አለ። "ጠባቡ" እንለዋለን። በላይኛው አፉ ላይ ኬላ አለ። ኬላው ውስጥ ሾፌሮቹ "ጆሮ" የሚሏት ሴትዮ ሬዲዮዋን አቅፋ ትውላለች። ሾፌሩ ጠባቡ ውስጥ ሊገባ ሲል "ገባሁ" ይላታል፣ በሌላው ጫፍ ሲወጣ "ወጣሁ" ይላታል። እሷም ይህን ሰምታ ሌላውን ታቆማለች ወይም ትለቃለች። ሕይወታችን በሙሉ በሁለት ቃል ላይ የተንጠለጠለ ነው ማለት ነው።

እስከዚያ ጊዜ ድረስ ሾፌሮቹ የሚጠቀሙት በእጅ ሬዲዮ ነበር። የእጅ ሬዲዮ ብረት ጋቢና ውስጥ ሆኖ ሲጠሩበት ድስት ውስጥ ሆኖ እንደመጮህ ነው፤ ግማሹ ይሰማል፣ ግማሹ እዚያው ይቀራል። አንድ ቀን ሁለት መኪኖች ጠባቡ መሃል አፍንጫ ለአፍንጫ ተገናኙ። ማንም አልተጎዳም፣ ግን አንደኛው እስከ ኬላው ድረስ ወደ ኋላ ሲሄድ ሾፌሩ በአንድ ቀን አርጅቶ ወረደ። ከዚያ ወዲህ ስምሪት ኃላፊው ቆረጡ። እያንዳንዱ መኪና ላይ ሬዲዮ ይገጠም፣ አንቴናው ውጭ ይተከል፣ ከጠባቡ ሁለት ጫፍ ጥርት ብሎ የማይሰማ መኪና ደግሞ ከሳምንቱ መጨረሻ በኋላ ወደ ሜዳው መስመር ይዛወር አሉ።

የሜዳው መስመር ሰፊ ነው፣ ገደል የለውም፣ ሬዲዮም አያስፈልገውም። ግን ሩቅ ነው። መኪናው እዚያው ያድራል፣ ሾፌሩም እዚያው ያድራል፣ ቤቱን በወር አንዴ ካየ ዕድለኛ ነው።

የአባዬ ቤት ደግሞ ከጠባቡ ታችኛው ጫፍ ወረድ ብሎ፣ መንገዱ ዳር ነው። በየማታው መኪናውን ግቢው ውስጥ አቁሞ እራቱን ከእማዬ ጋር ይበላል። መኪናው የራሱ ነው፤ ለድርጅቱ የሚሠራው በኮንትራት ነው። እኔን አጥቦ ያሳደገኝን ያህል መኪናዋንም አጥቧታል፣ የሚቆጣትም እንዲያውም ከእኔ ያነሰ ሳይሆን አይቀርም። ግቢው ድሮ ፀሐይ ይጠግብ ነበር። ጎረቤታችን ፎቅ በፎቅ ላይ ሲደርብ ፀሐዩ ተወሰደብን። እማዬ ጉልበቷን ቁርጥማት ስላለባት መጀመሪያ አካባቢ በስልክ ታማርርልኝ ነበር። ውጭ በሩ ላይ ወንበር አውጥተሽ ተቀመጪ ስላት፣ "አላፊ አግዳሚውን ልቁጠር?" ብላ ተቆጣች። አሁን አሁን ማማረሯን ትታለች። ለምዳዋለች ብዬ ነበር።

የሁሉንም መኪኖች አንቴና ተከልኩ። የቀረው የአባዬ ብቻ ነበር።

ሰኞ ዕለት ጋራዡ ውስጥ መኪናውን አቆመና ወርዶ አጠገቤ ቆመ። ሾፌሮቹ "ቁጥቡ" ይሉታል። ከአፉ ቃል ማውጣት የዛገ ብሎን ከመፍታት አይተናነስም። ለምን እንደማይናገር የጠየቀው ሰው ካለ "ዝም አይነቅዝም" ብሎ ይመልሳል፣ እሱንም ደስ ካለው ነው።

"አባዬ፣ መሃል ጣሪያው ላይ ነው የምተክለው" አልኩት።

"ጣሪያው አይበሳም።"

"ለምን?"

"ዝናብ ያስገባል።"

"ላስቲክ አለው፣ ማሸጊያ አለው። የዚህን ግቢ መኪና በሙሉ በስቻለሁ፣ ራሱ የረጠበ ሰው አላየሁም።"

"ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች" አለና ክንዱን አጣመረ።

አስረዳሁት። አንቴና ማለት ከሥሩ ብረት ተዘርግቶለት መቆም የሚወድ ነገር ነው። መሃል ጣሪያው ላይ ሲሆን ብረቱ በአራቱም ወገን እኩል ስለሚሆን ድምፁም በአራቱም ወገን እኩል ይሄዳል። ጥግ ላይ ከተከሉት ወደ አንዱ ወገን ያደላል። ዝቅ አድርገው ከተከሉት መኪናው ራሱ ይጋርደዋል። አባዬ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሰማኝ። ስጨርስ "ገባኝ። ጣሪያው ግን አይበሳም" አለኝ። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ።

ሳይበሱ በማግኔት የሚለጠፍም አንቴና አለ። ያንን ስምሪት ኃላፊው ከልክለዋል። አንዱ በዛፍ ቅርንጫፍ ተጠርጎ ጠባቡ መሃል ወድቆ ከተገኘ ወዲህ የማግኔት ስም ሲነሣ ፊታቸው ይጠቁራል።

"እሺ የት ይሁን ታዲያ?" አልኩት።

ስፖኪዮውን በአገጩ አመለከተኝ።

የስፖኪዮው ክንድ ላይ አሰርኩት። ቀለሙን ፍቄ ብረቱን ከብረት አገናኘሁ፣ ገመዱን በበሩ ጠርዝ አስገባሁ፣ ሥራዬ ያምር ነበር። ማክሰኞ ኬላው ላይ ከጆሮ ጎን ተቀምጬ ጠበቅሁት። ስፖኪዮ አስፋልት ላይ ጨዋ ነው፤ ኮረኮንች ላይ ሲደርስ ግን እንደ ብርድ በሽተኛ ይንቀጠቀጣል። አንቴናውም አብሮት ተንቀጠቀጠ፣ ድምፁም አብሮ ተቆራረጠ። ከታችኛው ጫፍ የተሰማን "ወ... ጣ..." የሚል ነገር ብቻ ነው።

"ወጣ ነው ወይስ ወደቀ?" አለችኝ ጆሮ። ቀልድ መስሏት ነበር፣ እኔ ግን ሮጬ ወጣሁ። ከገደሉ አፋፍ ቁልቁል ሳይ አባዬ በሰላም አልፎ፣ ሩቅ ታች ወደ መፍጫው እየወረደ ነው።

ረቡዕ ወደ ፊቱ ፓራውልት ዞርን። ፓራውልት ግጭት የሚመክት ወፍራም ብረት ነው፣ አይንቀጠቀጥም፣ ለመብሳትም አባዬ ቅር አላለውም። ከካባው ሲወርድ ፊቱን ወደ ኬላው አዙሮ ነውና "ገባሁ" ሲል አጠገባችን ያለ ይመስል ነበር። ጆሮ አውራ ጣቷን አሳየችኝ። እኔም ደስ አለኝ። ከዚያ በኋላ ግን ዝም። ጠበቅን፣ ዝም። ኬላው ላይ መኪኖች ተደረደሩ፣ ሾፌሮቹ ጥሩንባቸውን መንፋት ጀመሩ፣ ከአባዬ ምንም የለም። ለካስ ኬላውን አልፎ ጀርባውን ሲሰጠን ያ ሁሉ ድንጋይ የተጫነበት ካሶኒ በእኛና በአንቴናው መሃል እንደ ግድግዳ ቆሟል። ፊት ለፊት ይናገራል፣ ከኋላ ትንፍሽ አይልም።

"ሐሜት የማያውቅ አንቴና" አለች ጆሮ። "ለባል የሚሆን ነበር።"

ለአንቴና ግን አይሆንም። ስምሪት ኃላፊው ማታውኑ ጠሩኝ። አባቴ መሆኑን ያውቃሉ፣ ስለዚህ በለሰለሰ ድምፅ ነበር የተናገሩት፤ ያ ደግሞ ከቁጣ ይብሳል። "አባትሽን አከብራቸዋለሁ" አሉ። "ግን ላንዱ ብዬ ሕግ ብፈታ ነገ ሁለት መኪና ገደል ይገባብኛል። ሰኞ ጠዋት ከሁለቱም ጫፍ ካልተሰሙ፣ ሜዳ ናቸው።"

ይህን ለአባዬ ስነግረው ፊቱ ትንሽ ጠየም አለ። መሪውን በእጁ ደባበሰ። ከዚያም "የካሶኒው የፊት ግንብስ?" አለኝ።

ከጋቢናው ጀርባ ያለው የካሶኒው የፊት ግድግዳ ከጣሪያው ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ብረት ነው፣ አይንቀጠቀጥም፣ ጭነቱም አይጋርደውም። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ወደድኩት። አርብ ሙሉ ቀን ለፋሁበት። ገመዱን በመስኮቱ አሳልፌ ከሬዲዮው ጋር አገናኘሁ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሞከርነው። ከላይም ተሰማ፣ ከታችም ተሰማ። ጆሮ አጨበጨበችልኝ። ለስምሪት ኃላፊው ልነግር ስነሣ ሬዲዮው ከመፍጫው በኩል አንድ ጊዜ ጮኸና ጸጥ አለ።

መፍጫው ጋ ምን እንደተፈጠረ ለመናገር እስካሁን አፍራለሁ። ገልባጭ መኪና ይገለብጣል። ስሙም ሥራውም እሱ ነው። አባዬ ድንጋዩን ሊያራግፍ ካሶኒውን ወደ ላይ ሲያነሣ አንቴናው አብሮ ተነሣ፣ አንቴናው ገመዱን ሳበ፣ ገመዱ ሬዲዮውን ከመቀመጫው ነቅሎ በመስኮቱ አወጣው። ስደርስ ሬዲዮው በሩ ላይ ተንጠልጥሎ እየተወዛወዘ ነበር። ሲቸኩሉ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

እኔስ ይሁን፤ የሬዲዮ ሰው ነኝ፣ የካሶኒ ነገር ከሐሳቤ ወጣ እንበል። አባዬ ግን ካሶኒ ሲያነሣና ሲያወርድ ነው ያረጀው። እንዴት ረሳው? ሬዲዮውን ከበሩ ላይ ሲያነሣልኝ አየሁት። ይህ ሰው ዝናብ አይደለም የፈራው አልኩ በልቤ። ጣሪያው እንዳይነካ ሲል ማንኛውንም ቦታ፣ ሞኝ የማይመርጠውን ቦታ ሳይቀር፣ እየመረጠ ነው።

ምክንያቱ አልገባኝም፤ ንዴቴ ግን በደንብ ገብቶኛል። ሌሊቱን ስገላበጥ አድሬ አንድ ውሳኔ ላይ ደረስኩ። እሁድ ሄጄ፣ አባዬ ከምሳ በፊት ጋደም ሲል፣ ሳላስፈቅድ እበሳዋለሁ። ከተበሳ በኋላ ቢቆጣ ይቆጣ። ከእማዬ ተለይቶ ሜዳ ላይ ከሚያድር እኔን ቢያኮርፈኝ ይሻላል።

እሁድ ረፋድ ላይ መሰርሰሪያውን፣ አዲስ አንቴናና የተጠገነውን ሬዲዮ በቦርሳ ይዤ ሄድኩ። የግቢው ቁልፍ ስላለኝ አላንኳኳሁም። በሩን ቀስ አድርጌ ከፈትኩ። ግቢው ጥላ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፣ ሰው የለበትም። መኪናው እንደ ልማዱ ከግንቡ ጥግ ቆሟል። ከጋቢናው ጎን የእንጨት መሰላል ተደግፏል። ከመሰላሉ ሥር የአባዬ ጫማና የእማዬ ጫማ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፣ ተረከዛቸው እኩል ሆኖ።

ከላይ የሰው ወሬ ይሰማኛል። ቀና አልኩ።

ግቢው ውስጥ ፀሐይ የቀረላት አንዲት ቦታ ብትኖር የመኪናው ጣሪያ ናት። የፎቁ ጥላ እዚያ ድረስ አይደርስም። ሁለቱ ወላጆቼ እዚያ ላይ፣ ብርድ ልብስ አንጥፈው፣ ጀርባቸውን ለካሶኒው ግድግዳ ሰጥተው ተቀምጠዋል። እማዬ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ እግሮቿን ለፀሐይ ዘርግታለች። አባዬ ብርጭቆ ይዟል። እና ያወራል።

ያወራል ስል፣ አንድ ሁለት ቃል ማለቴ አይደለም። አባቴ፣ ቁጥቡ፣ ውሃ እንደለቀቁበት ቦይ ይወርድ ነበር።

"...ውሾቹ ደግሞ አሁን ሁለት ሆነዋል። አንደኛው አንካሳ ነው፣ ግን እሱ ነው አለቃው። መኪና ሲመጣ አንካሳው ይነሣል፣ ጤነኛው ተኝቶ ይጮህለታል..."

"ከዚያስ?" አለች እማዬ።

"ከዚያማ ጎሚስታው ሊያልፍ ሲል፣ ያቺን አዲስ ሱሪውን ለብሷል..."

እማዬ ሳቀች። ሳቋን ካልሰማሁት ቆይቼ ነበር። እኔ መሰላሉ ሥር ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ደርቄ ቀረሁ። ደስ አለኝ፣ እውነቱን ለመናገር ቀናሁም። ይህን ያህል ወሬ ያለው ሰው እኔን ያሳደገኝ "እህ" እና "እሺ" እያለ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ያየውን፣ ውሻውንም ሰውንም፣ አንድም ሳያስቀር እዚህ ላይ ይዞላት ይወጣል።

ቦርሳዬ መሰላሉን ነካና ተንኳኳ። ሁለቱም ቁልቁል አዩኝ። አባዬ ድንገት አፉን ዘጋ። እማዬ ቀሚሷን በፍጥነት ወደ ታች ጎተተች፣ ፊቷ እንደ ልጃገረድ ቀላ።

"አንኳኩቶ መግባት የሚባል ነገር የለም?" አለችኝ።

"እናንተስ በዚህ ዕድሜያችሁ መሬት ላይ መቀመጥ የሚባል ነገር የለም?" አልኳት።

"መሬት ላይ ፀሐይ የለማ። አባትሽ ነው መሰላሉን የሠራልኝ። ጉልበቴ ከዚያ ወዲህ ነፍስ ዘራ። ደግሞ ከዚህ ሆነሽ መንገዱ ይታያል፣ ወንዙ ይታያል። ለሰው እንዳታወሪ፣ አብደዋል ይሉናል።"

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባኝ። አባዬን አየሁት፣ እሱ ደግሞ ብርጭቆውን ያያል። "ዝናብ ያስገባል!" አልኩት። ከብርጭቆው ተጎነጨ። ንዴትም ሳቅም አንድ ላይ መጣብኝ፣ ንዴቱ ቀደመ።

"እማዬ፣ አባዬ ከነገ ጀምሮ ወደ ሜዳው መስመር ሊሄድ እንደሆነ ነግሮሻል?"

"ምን ሜዳ?" አለች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ሳምንቱን ሙሉ እሷ ላይ የሚመጣውን ነገር ከእሷ በቀር የማያውቅ አልነበረም።

ነገርኳት። ስለ ጠባቡ፣ ስለ አንቴናው፣ ስለ ስፖኪዮው፣ በመስኮት ስለወጣው ሬዲዮ ሳይቀር። ያን የመጨረሻውን ስነግራት ከንፈሯ ሊስቅ ፈልጎ ነበር፣ እሷ ግን አልፈቀደችለትም። ስጨርስ ወደ አባዬ ዞረች።

"አንተ ሰው፣ እዚያ ስትሄድ መኪናው የት ሊያድር ነው?"

"እዚያው።"

"አንተስ?"

"እዚያው።"

"እና እኔ ምን ላይ ወጥቼ፣ ከማን ጋር ነው ፀሐይ የምሞቀው?"

አባዬ አንገቱን ደፋ። ለእኔ ሳይሆን ለእሷ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ መለሰ። "ብነግርሽ ይበሳ ትያለሽ። ልጄ ደግሞ መላ አታጣም ብዬ ነው። ሌላ ቦታ ታገኝለታለች ብዬ።"

ቦርሳዬን መሬት አስቀመጥኩ። ንዴቴ እዚያው በረደ። ሳምንቱን ሙሉ አላመነኝም ብዬ ስበሳጭ ከርሜ፣ ለካስ ከሚገባው በላይ አምኖኛል። ሌላ ቦታ አለመኖሩን ስነግረው "ገባኝ" ያለኝ እውነቱን ነበር፣ ግን እኔ እያለሁ መላ የሚጠፋ አልመሰለውም። ዓይኔ እንባ ያዘ፣ እንዳያዩኝ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ፈታሁ። ጫማዬን ከጫማቸው ጎን አስቀምጬ፣ ቦርሳዬን አንግቤ መሰላሉን ወጣሁ።

"የት ጋ ነው የሚተከለው?" አለችኝ እማዬ።

"መሃሉ ላይ።"

ብርድ ልብሱን ገልጣ ከአባዬና ከእሷ መካከል ያለውን ቦታ በመዳፏ መታ መታ አደረገችው። "መሃሉማ ባዶ ነው። እሱ በዚያ ነው የሚቀመጥ፣ እኔ በዚህ። ብርጭቆ ነው የምናስቀምጥበት።"

"ሽቦ መሃላችን ቆሞ?" አለ አባዬ።

"ምን አለበት? ይቺ ስንት ዓመት ሙሉ መሃላችን አልተኛችም? ያውም እየተራገጠች። ተለያየን?"

አባዬ አየኝ። ከዚያ ሳቀ፣ ድምፅ አውጥቶ። እኔም መሰርሰሪያውን ከቦርሳው አወጣሁ።

የመሃሉን ነጥብ በሜትር ለካሁ። ነጥቡ ወደ አባዬ ጎን ትንሽ ገባ ብሎ ወደቀ።

"እሱ ወፍራም ነው" አለች እማዬ፣ "ወደ እኔ አስጠጊው።"

ጥቂት ጣት ቢያልፍ ለድምፁ ምንም አያደርገውም። ወደ እሷ አስጠጋሁት። እሷ አልወርድም ብላ ብርድ ልብሱን ሰብስባ ዳር ላይ ተቀመጠችና በእርሳሱ ምልክቱን ራሷ አደረገች። አባዬ ጋቢናው ውስጥ ገብቶ የጣሪያውን ገበር አወረደልኝ። መሰርሰሪያው ሲጮህ ከሥር "እህ" ሲል ሰማሁት፣ ጥርስ እንደሚነቀልለት ሰው። ከዚያ ቀዳዳው ተከፈተና ጣቱ ከታች ብቅ አለች፣ ገመዱን አቀበልኩት። እማዬ ፍቅፋቂውን ብረት በመሐረቧ ጠረገች፣ ላስቲኩን አደረግኩ፣ ማሸጊያውን ዙሪያውን ቀባሁ፣ አንቴናውን አቆምኩ።

"እሁድ እሁድ ሽቦዋ በእጅ ትፈታለች፣ እዪ" ብዬ አሳየኋት።

"ትቁም፣ ምን አደረገችን" አለችና ፀሐይ ላይ ልታደርቀው ይዛ የወጣችውን እርጥብ ሻሽ አንቴናው ላይ አንጠለጠለችው። "እንዲያውም ማስጫ አገኘሁ።"

ብርድ ልብሱን መልሰን አነጠፍን። ለእኔ ቦታ አልነበረም፤ እግሬን በመስታወቱ ላይ ዘርግቼ ዳር ላይ ተቀመጥኩ። ብረቱ ከሥሬ ይሞቃል። ወንዙ ይታያል፣ መንገዱም ይታያል። አባዬ አፍሮ ብርጭቆውን በእጁ ያዞር ነበር።

"ከዚያስ? ጎሚስታው?" አለችው እማዬ።

"እህ፣ ሱሪውን ለብሶ... አንካሳው ውሻ ተነሣ..." አለና ቀጠለ።

ሰኞ ጠዋት ኬላው ላይ ከጆሮና ከስምሪት ኃላፊው ጋር ቆሜያለሁ። ኃላፊው እጃቸውን ከኋላቸው አጣምረው መንገዱን ያያሉ። የአባዬ መኪና ከካባው ድንጋይ ጭኖ ሲመጣ ጣሪያው ላይ አንቴናዋ ከካሶኒው በላይ ቀጥ ብላ ትታያለች። ሻሹን አንሥተውታል፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

"ገባሁ" አለ ሬዲዮው። ጥርት ያለ ነው። አልፎን ሄደ፣ ጀርባውን ሰጠን፣ ቋጥኙን ዞሮ ተሰወረ። ጠበቅን። ጆሮ ሬዲዮዋን አቅፋ ጎንበስ አለች።

"ወጣሁ።"

ከገደሉ ሥር፣ ከታችኛው ጫፍ፣ አጠገባችን እንዳለ ሆኖ ተሰማ። ስምሪት ኃላፊው ራሳቸውን ነቀነቁ። "አባትሽን ከዚህ መስመር የሚነቅላቸው የለም" አሉና ወደ ሥራቸው ሄዱ።

ጆሮ ግን አልጠገበችም። ማይኩን አነሣች። "ቁጥቡ፣ ድምፅህ ማር ነው። ጥራቱን በደንብ ልይ፣ እስቲ ሌላም ነገር አውራ።"

ሬዲዮው ትንሽ ሽሽ ሲል ቆየ።

"ወጣሁ አልኩሽ እኮ" አለ አባዬ።

ጆሮ ማይኩን አስቀምጣ እኔን አየችኝ። "ይሄን ሁሉ የለፋሽው ለሁለት ቃል ነው?"

"አዎ" አልኳት። የቀረውን ለማን እንደሚያስቀምጥ እኔ አውቃለሁ፤ እስከ እሁድ ደግሞ አይነቅዝም።